የቦርከና ሃይላንድ ዋልታ ይደርሳል ወይ? ጥያቄዬና 26ቱ መልሶች

በደሴና ኮምቦልቻ ልጆች መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ከፍቼ ነበር። መልሱ 26 ደረሰ። መሐል ላይ ስለ ዓሣ ዋጋም ስለ ሌላም ስለተወራ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ሲያነብ እንዳይደክም የተባባልነውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ተሳስቼ የታረምኩበትም አለ፤ አልዘለልኩትም።

መነሻው ይህ ነው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። የታሸገ ውሃ ከፍሪጅ ሲወጣና ከመደርደሪያ ሲወርድ ዋጋው ስለሚለያይ፣ ፍሪጅ የሚገባውን ክዳኑ ላይ በቀይ ማርከር ነጥብ አደርግበታለሁ። ነሐሴ ውስጥ ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው ባደረ ማግስት በቦርከና ወንዝ ድልድይ ሳልፍ፣ ከድልድዩ እግር ሥር ቅርንጫፍ ያገደው ሃይላንድ፣ ፌስታልና የተቆረጠ ኮንጎ ጫማ ተከምሮ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ስመለከት ከሃይላንዶቹ የአንዱ ክዳን ቀይ ነጥብ አለበት። ውሃው ያዞረዋል፤ ነጥቡ ይታያል፣ ይሰወራል፣ ደግሞ ይታያል። ከእኔ እጅ የወጣ ነው።

ማታውን ስልኬ ላይ ስለ ሰሜን ዋልታ ባሕር አነበብኩ። አልፍሬድ ቬገነር የሚባለው የጀርመን የዋልታ ምርምር ተቋም በግሪንላንድና ከኖርዌይ በስተ ሰሜን ባሉት የስቫልባርድ ደሴቶች መካከል 2,500 ሜትር ጥልቀት ድረስ ካሜራ እያወረደ የባሕሩን ወለል ያነሳል። ፎቶዎቹ ሲቆጠሩ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ቆሻሻው በእጥፍ ጨምሮ ተገኘ፤ ከግማሽ በላዩ ፕላስቲክ ነው። ማንም በማይኖርበት፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ። እንቅልፍ እንቢ አለኝና ጻፍኩ። ያልኩት በአጭሩ፣ እኛ ቦርከና ላይ የጣልነው ዞሮ ዞሮ እዚያ ይደርሳል፤ ታዲያ ምን ብናደርግ ይሻላል የሚል ነበር።

1ኛው መልስ ጀዛከላህ ብሎ ያለፈ ነው። 2ኛው ግን ሐሳቤን ከሥሩ ነቀለው። ጸሐፊው ዕድሜያቸውን በመስኖ ሥራ ያሳለፉ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ ነው የመለስኩላቸው። ቦርከና ከደሴ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ አዋሽ እንደሚገባ አስረዱ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያውቅም። አፋር በረሃ ውስጥ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያበቃል። ከአቤ ውሃው የሚወጣው ወደ ሰማይ ብቻ ነው፤ ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል። ስለዚህ ቀይ ነጥብ ያለበት ሃይላንድ ወይ ጨፋ ቄጠማ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ወይ የአንዱን ገበሬ ቦይ ይደፍናል፣ ወይ ወርዶ ወርዶ አፋር ይቀራል። በወንዝ ዋልታ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

ካርታ ገልጬ አየሁት፤ ልክ ናቸው። አዋሽ ባሕር እንደማይደርስ ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ከደጃፌ ወንዝ ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም። ይቅርታ ጠይቄ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳላጠፋ ከሥሩ እርማቱን ጨመርኩ።

3ኛው ወጣት ነው። እንኳን ደስ ያለን፣ የፈረንጅ ባሕር የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ ወደ ሥራችን እንመለስ የሚል መንፈስ ነበረው። 4ኛዋ የከሚሴ ሴት እሱ ላይ ወረደችበት። ቃሏ የተሳለ ነበር። ባሕር አይደርስም ማለት እኛ ዘንድ ይቀራል ማለት ነው፤ ደሴ ላይ ስትጥል የምታርፈው እኔ ከብት በምጠብቅበት መስክ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ደስ ያለህ ብላ ጠየቀችው። በበጋ የአፋር አርብቶ አደር ሳይቀር ሣር ፍለጋ ጨፋ እንደሚወጣ፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ከብት ከቄጠማው ጋር ፌስታል እንደሚግጥ ጻፈች። ልጁ መልስ አልሰጠም።

የሰጠው 5ኛው ነው፤ ኮምቦልቻ ሥጋ ቤት ያለው። አንዲት ላም ትበላለች፣ ግን ትከሳለች፤ ሆዷ ይነፋል፣ ወተቷ ነጠፈ። ባለቤቱ ተስፋ ሲቆርጥ አሳረዳት። ጨርጓዳው ሲከፈት እንደ ሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ድቡልቡል ነገር ወጣ። በውሃ አጥቦ በቢላ ሰነጠቀው። ጥቁር ፌስታል በሰማያዊ ፌስታል ላይ፣ በመሐሉ የማዳበሪያ ከረጢት ጭረት እንደ ገመድ ተገምዶ፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ የኮንጎ ጫማ ማሰሪያ። የስኳር ፌስታል ላይ የነበረው ጽሑፍ እንኳ አልጠፋም፤ ፊደሉ ይነበብ ነበር ይላል። ሆድ ውስጥ ስንት ወር ከርሞ ቀለሙ ያልለቀቀ ነገር። ይህን መልስ ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

6ኛው ውይይቱን ወደ ዋልታ መለሰው። የሙጋድ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ሠልጥኖ በውጭ የጭነት መርከብ ላይ ይሠራል። ከመርከብ ፕላስቲክ ወደ ባሕር መወርወር እ.ኤ.አ. ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን፣ እነሱም ቆሻሻቸውን ለይተው ወደብ ላይ እያስረከቡ መዝገብ ላይ እንደሚጽፉት አስረዳ። ሰሜን ባሕር ላይ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያየው የተበጠሰ የዓሣ መረብና ገመድ ነው። የስቫልባርድን ዳርቻ የሚጎበኙ መንገደኞች ለተመራማሪዎች ብለው የሰበሰቡትም ይህንኑ እንደሚያሳይ ጨመረ። ከተለቀመው ላይ ጽሑፉ የሚነበበው ጥቂቱ በአብዛኛው የሩሲያና የኖርዌይ ነው፤ የጀርመንም አለበት። ስለዚህ 3ኛው ልጅ ስለ ቆሻሻው ባለቤት የተናገረው ከፊሉ እውነት መሆኑን በጨዋ ደንብ መሰከረለት።

7ኛው አጭር ጥያቄ ነው። ሰው ከሌለ እዚያ ድረስ ማን ወሰደው? 8ኛው በረጅሙ መለሰ። ኮምቦልቻ ላይ ጨርቃጨርቅ ምህንድስና የሚያስተምር ሰው ነው፤ ከዚህ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ጽፏል፤ እኔም ከማንም በላይ ከእሱ ተማርኩ። ሞቃቱ የአትላንቲክ ውሃ ሽቅብ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ዋልታው አጠገብ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰጥማል። አብሮት የመጣው ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ግን መስጠም አይችልም፤ ወንፊት ላይ እንደቀረ ገለባ ከላይ ይቀራል። ታራ የተባለችው የምርምር ጀልባ እ.ኤ.አ. በ2013 አርክቲክን፣ ማለትም የሰሜን ዋልታውን ባሕር፣ ዞራ በሰበሰበችው ናሙና ላይ ተመሥርቶ በ2017 የወጣው ጥናት፣ በግሪንላንድና በባረንትስ ባሕሮች ላይ የሚንሳፈፈውን ወደ 300 ቢሊዮን ቁራጭ ገምቶታል። መንገዱ እዚያ ያልቃል፤ የደረሰው መመለሻ የለውም።

ስለ ሃይላንዱም አንድ ነገር ነገረን፤ እኔ በሕይወቴ አስቤው የማላውቀው። የሃይላንዱ አካል ከውሃ ይከብዳል፤ የሚንሳፈፈው አየር ስላለበት ብቻ ነው። ተጨምድዶ ውሃ ከሞላበት ይሰጥማል። ክዳኑ ግን ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ከውሃ ይቀላል፣ ሁልጊዜ ይንሳፈፋል። ቤት ውስጥ ባልዲ ላይ ሞከርኩት። ከአንዱ ሃይላንድ አንገት ላይ ቆርጬ ጣልኩ፣ ሰጠመ። ክዳኑን ጣልኩ፣ ተንሳፈፈ፤ በጣቴ ብጫነውም ተመልሶ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ሻከረ። 9ኛው ተቆጥቶ ገባ። ጦርነት ያደቀቃት፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባት ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ነጭ ድብ ማልቀስ ቅንጦት ነው፤ እናቴ ጀሪካን ይዛ ተሰልፋ ታድራለች፣ እናንተ ስለ በረዶ ታወራላችሁ አለ። ቁጣው ገብቶኛል። እሱ ስለ እናቱ የጻፈው የእኔም እናት ታሪክ ነው። ግን አንዱን ለመናገር ሌላውን መተው አለብን ብዬ አላምንም። የዋልታውን ባሕር ሳላነብ ከድልድዩ ሥር የነበረውን ክምር አልፌው እሄድ ነበር፤ ለዓመታት አልፌዋለሁም። 10ኛዋ ለእሱ አዝና፣ ፔንግዊኖቹ ግን ምን አጠፉ አለች። 11ኛው ፔንግዊን የሚኖረው በደቡብ እንደሆነ፣ በሰሜን ዋልታ አንድም እንደሌለ በትሕትና አረማት፤ እሷም አመሰገነች። 12ኛው የእንስሳት ሐኪም ነው። የሥጋ ቤቱን ባለቤት ታሪክ መሠረት አድርጎ ፉልማር ስለሚባል የሰሜን ባሕር ወፍ ጻፈ። ይህ ወፍ ምግቡን የሚለቅመው በአብዛኛው ከባሕሩ ገጽ ላይ ነው፤ የሚንሳፈፍ ሁሉ ለእሱ ምግብ ነው። ስቫልባርድ ላይ 40 ፉልማሮች ሆዳቸው ሲመረመር በ35ቱ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል፤ በአማካይ ለአንዱ 15 ያህል ቁራጭ። የጨፋዋ ላምና የስቫልባርዱ ወፍ በሽታቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም በምግብ ተሳስተው ነው የዋጡት የሚለው አነጋገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከ13 እስከ 16 ያለው ስለ ሐይቅ ነው፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ የናይለን መረብ ሲበጠስ ዓሣ አጥማጁ እዚያው እንደሚተወው ካነሳ በኋላ ሌሎቹ የቆሮሶ ዋጋ ከየት ወዴት እንደደረሰ፣ ማን ጋ ተጠብሶ እንደሚጣፍጥ ተያያዙት። 17ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ለመነን። የመረቡ ነገር ራሱን የቻለ ውይይት ቢከፈትለት ደስ ይለኛል።

18ኛው መልስ፣ ያው መምህሩ፣ የእኔን ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ገለበጠው። ጋሼ በወንዝ አይደርስም ማለታቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚታየውን ብቻ ነው የተነጋገርነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከኖርዌይ እስከ ካናዳ አርክቲክ ድረስ ከባሕር ውሃ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር፣ ከተገኘው ጥቃቅን ፕላስቲክ 92 በመቶው ክር ነው፤ አብዛኛው ፖሊስተር። ልብስ ሲታጠብ የሚረግፈው ክር። በአትላንቲክ በኩል ያለው ከፓስፊክ በኩል ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ይህም ያንኑ ሞቃት ጅረት ይጠቁማል። ደግሞ ሁሉም በውሃ አይሄድም። በ2022 የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች በደቡብ ዋልታ በኩል ባለችው አንታርክቲካ ከ19 ቦታ በረዶ ወስደው በ19ኙም ጥቃቅን ፕላስቲክ አገኙ፤ ቀልጦ ውሃ ሲሆን በአንድ ሊትር በአማካይ 29 ቁራጭ። ከሁሉ የበዛው የሃይላንድ ዓይነት ነው፤ ያው ፖሊስተር ልብስ የሚሠራበት ማለት ነው። ከፊሉ በቅርብ ካሉት የምርምር ጣቢያዎች ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ ግን በነፋስ እስከ 6,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሊሆን እንደሚችል አስልተዋል። ነፋስ ደግሞ አቤ ሐይቅ ላይ አይቆምም።

19ኛዋ ይህ በረዶ ጦሳ ላይ ከሚወርደው በረዶ ጋር አንድ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ቋንቋችን ሰማይ ላይ ድንጋይ ሆኖ የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ የረጋውን ውሃም በረዶ ስለሚል ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። መምህሩ ለየላት፤ እንደ ጥጥ የሚወርደው ሲወርድ የአየሩን ብናኝ ይዞ እንደሚመጣ፣ ባሕሩ ሲረጋ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለውን ቆልፎ እንደሚያስቀምጥና ሲቀልጥ ሌላ ቦታ እንደሚለቀው ጻፈላት።

20ኛው ቁጥር ወዳጅ ነው፤ አነጋገሩም ደረቅ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በአርክቲክ የባሕር በረዶ ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ ከ38 እስከ 234 ቁራጭ ብሎ፣ በ2018 የወጣው ደግሞ በአንድ ሊትር እስከ 12,000 ካለ፣ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው የሚል ክስ አቀረበ። መምህሩም መለሰለት፤ ማንም አልዋሸም፣ የተለየው መሣሪያው ነው። የኋለኞቹ ያገኙት ከግማሽ በላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ እጅ ያነሰ ነው፤ የቀደሙት ዘዴ ያን ያህል የደቀቀውን አያይም። ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጨመረ ብሎ ማወዳደር አይቻልም። ከሳሹ ተቀበለ። እንዲህ ያለ መቀበል መድረካችን ላይ ብዙ ጊዜ አላይም፤ አከበርኩት።

21ኛው ሕግ አነሳ። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል የተከለከለው በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን ጠቅልሎ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። 22ኛው፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ያላት ልጅ፣ መምረሯን አልደበቀችም። እናቷ በምን ጠቅልላ ትስጥ? ዘንቢል ይዞ የሚመጣ ገዢ ከአሥር አንድ አይሞላም። 23ኛው ሰነፎች ብሎ ሰደባት። ይህ ነውር ነው፤ አስተባባሪውም አጠፋው፣ እኔ ቁጥሩን ብቻ አስቀርቻለሁ። ለልጅቷ ግን በጽሑፍ እንደነገርኳት፣ እናቷ ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደሉም። አገሮች ስለ ፕላስቲክ ስምምነት ሊጽፉ እ.ኤ.አ. በ2025 ጄኔቫ ተሰብስበው ሳይስማሙ ሲበተኑ፣ የአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ፌስታል ላይ ጣት መቀሰር አይገባንም።

24ኛው መልስ ከሁሉ የወደድኩት ነው። ኮምቦልቻ ላውንደሪ ያላት እትዬ ናት። የ18ኛውን መልስ አንብባ ዝም አላለችም። ያረጀ ነጠላ አጥፋ በልብስ ማጠቢያው ማሽን መውጫ ቱቦ አፍ ላይ በላስቲክ አሰረች። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና ሁለት ሹራብ አጠበች፤ ሁሉም ከሰልባጅ የተገዙ። ነጠላውን ፈትታ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው ላዩ ላይ ግራጫ ነገር እንደ ሻጋታ ተለጥፎ ቀረ። ሲደርቅ በጥፍሯ ላጠችው፤ በእጇ መዳፍ ላይ አንድ እፍኝ የማይሞላ፣ የድመት ፀጉር የሚመስል ልስልስ ብናኝ። ልብስ ሰፊ የነበሩት አባቷ ጨርቅ የሚለዩት በእሳት ነበርና እሷም ክብሪት ጫረች። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል። ይሄ ግን ተኮማተረ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ሲበርድም እንደ ጥቁር አዝሙድ ፍሬ ጠጥሮ ቀረ። ፍሬውን ነጠላው ላይ አድርጋ ፎቶ አንስታ ለጠፈችው። በቀን ስንት ልብስ እንደምታጥብ ቆጥራ ያን ቀን ምሳ እንዳልበላች ጻፈች። ነጠላውንም አልፈታችውም፤ እስከ ዛሬ ቱቦው ላይ ታስሮ፣ በየሁለት ቀኑ እየተላጠ ነው።

25ኛው፣ ቀድሞ 9ኛውን መልስ ተቆጥቶ የጻፈው ሰው ነው። ስለ ዋልታው ምንም አልጻፈም። እትዬን የላስቲኩን ዓይነትና ነጠላው ውሃ እንዳያግት ምን እንዳደረገች ብቻ ጠየቃት፤ እሷም አልፎ አልፎ ካልተላጠ ውሃው ወደ ማሽኑ እንደሚመለስ አስጠነቀቀችው።

26ኛው የጋሼ ነው። ሃይላንዱን አወጣኸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ረጅም እንጨት ይዤ ሄጄ ነበር። ሌሊት ደግሞ ዘንቦ ክምሩ ተጠርጎ ሄዷል፤ ቅርንጫፉ ብቻ ቀርቷል። ይህን ስጽፍላቸው የከሚሴዋ እህት ለብቻዬ መልእክት ላከችልኝ። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ከብቶቹን ይዛ ጨፋ ትወርዳለች፤ ሃይላንዱ ቢሰጥምም ክዳኑ ስለሚንሳፈፍ ቄጠማው ሥር ታየዋለች፤ ቀይ ነጥብ ያለበት ካገኘች ፎቶ ትልክልኛለች። እኔም ከሰኞ ጀምሮ ባዶውን ከነክዳኑ ለሚመልስልኝ ከሚቀጥለው ውሃ ላይ ሁለት ብር እቀንሳለሁ። እስከ ትናንት ማታ 41 ተመልሷል፤ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አድርጌ ለልዋጭ ልጆቹ አስቀምጫለሁ። ነጥቡን አሁን በማይለቅ ቀለም ነው የማደርገው።